ሲቆሙ የሚያጥር፣ ሲተኙ የሚመለስ ትንፋሽ

ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን የምንሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «እስቲ ጋደም በል» እንለዋለን። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ለአንዱ ሰው እፎይታ፣ ለሌላው ግን ጉዳት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽን የሚያሳጥሩ በሽታዎች ብዙ ናቸው። ከሰውነት አቋም ጋር ከሚለዋወጡት መካከል አብዛኞቹ ሰውየው ሲተኛ ይብሱበታል። ጥቂቶቹ ግን በተቃራኒው ሲቀመጥና ሲቆም ይብሱበትና ሲተኛ ይለቁታል። የዛሬው ትምህርታችን ስለነዚህ ጥቂቶች ነው።

ጥቂት ከሆኑ ለምን ገጽ ይባክንባቸዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አልጋው ላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሻይም ይጠጣል። ራሽን ለመቀበል ወይም ውሃ ለመቅዳት ተሰልፎ ሲቆም ግን ያለከልካል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ጎረቤት «ሥራ ሲባል ይታመማል» ይለዋል። ክሊኒክ ሲሄድም የምርመራ አልጋ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ያኔ ደግሞ ትንፋሹ ተመልሷል። ሕመሙ የሚታወቀው በሚብስበት አቋም ላይ ሳለ ከተመረመረ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው ካልተናገረ በቀር ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል።

ይህን የምጽፈው መምህር ሆኜ እንጂ ሐኪም ሆኜ አይደለም። በሽታውን መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ለሐኪሙ ምን ብሎ መንገር እንደሚገባ ማወቅ ግን የሁላችንም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተለመደው አቅጣጫ

መጀመሪያ የተለመደውን እንይ። ልቡ የደከመ ሰው ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአገራችንም ሆነ በሱዳን ወጣቶችን ጭምር የሚያጠቃ የልብ ቫልቭ በሽታ አለ፤ በልጅነት በደንብ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ ልብን የሚጎዳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጋደም ከእግሩና ከሆዱ ወደ ደረቱ የሚመለሰው ደም ይበዛል። የደከመው ልብ ያንን ሁሉ ደም መግፋት ስለማይችል ውሃ ወደ ሳንባው ይሰርጋል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ትራስ ተደግፎ ይተኛል፤ ሌሊት ባንኖ ይነሣና አየር ፍለጋ በር ላይ ይቀመጣል። አስም ያለበትም ሰው ቢሆን ብዙ ጊዜ ሌሊት ይብስበታል፤ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ሲቀመጥ ይቀለዋል።

እነዚህን ሰዎች በግድ ማስተኛት አደገኛ ነው። በጋሪም ሆነ በመኪና ወደ ክሊኒክ ስንወስዳቸው ተቀምጠው መሄድ አለባቸው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ራሱ የመረጠውን አቋም እንተውለት። ሰውነቱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

የተገላቢጦሹ ምን ይባላል?

ሲቆሙ ብሶ ሲተኙ የሚቀለው የትንፋሽ ማጠር በሕክምና ቋንቋ ፕላቲፕኒያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ጠፍጣፋ» እና «ትንፋሽ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ጠፍጠፍ ብሎ ተኝቶ መተንፈስ እንደ ማለት ነው። ከትንፋሹ ጋር በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቆሙ የሚወርድ ከሆነ ይህኛው ኦርቶዲኦክሲያ ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1949 በአሜሪካ ሲሆን፣ ፕላቲፕኒያ የሚለው ስም የወጣለት ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ በ1969 ነው። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን መረዳቱ ግን ይጠቅማል።

የገዳሪፍን የሰሊጥ ገበያ የማያውቅ በመካከላችን ጥቂት ነው። በምርት ጊዜ መኪኖች ባዶ ይገባሉ፣ ጫኝና አውራጆች ጆንያ ይጭኑባቸዋል፣ ሞልተው ይወጣሉ። ሳንባችንን እንደ መጋዘኑ፣ ኦክስጅንን እንደ ጆንያው፣ ቀይ የደም ሴሎችን እንደ መኪኖቹ እንያቸው። በጤነኛ ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስፋታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር 8 ሺኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴልም ወርዱ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ መኪኖቹ በአንድ ረድፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ያልፋሉ፤ ከጫኞቹ እጅ የሚያመልጥ የለም።

አሁን አንድ ነገር እንጨምርበት። ደም ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ታች ያዘነብላል። ስንቆም ወይም ቀጥ ብለን ስንቀመጥ አብዛኛው ደም በሳንባችን የታችኛው ክፍል በኩል ያልፋል። ስንተኛ ግን ከላይ እስከ ታች ይዳረሳል። የሳንባው ታችኛ ክፍል ብልሽት ካለበት፣ ሰውየው ሲቆም መኪኖቹ ሁሉ ወደ ተበላሸው መጋዘን ይላካሉ ማለት ነው። ሲተኛ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ደህናው ይሄዳሉ። የሕመሙ ምስጢር በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከብርቅዬው በፊት የቅርቡን

ወደ ብርቅዬዎቹ ምክንያቶች ከመግባታችን በፊት ግን በዚህ በምንኖርበት አካባቢ ተመሳሳይ ስሜት የሚያመጡ በጣም የተለመዱ ነገሮች አሉ። ሐኪምም የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

አንዱ የውሃ እጥረት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ በተለይ ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት፣ ሰው ብድግ ሲል ልቡ ይመታል፣ ራሱ ይዞራል፣ ትንፋሹም የሚያጥረው ይመስለዋል። ይህ ሲተኛ የሚቀል ቢሆንም ፕላቲፕኒያ አይደለም፤ መድኃኒቱም ውሃና ኦ.አር.ኤስ ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ የደም ማነስ ነው። ወደ ገበያው ምሳሌ ብንመለስ፣ እዚህ ላይ መጋዘኑም ደህና ነው፣ ጫኞቹም ደህና ናቸው፤ የጎደለው መኪናው ነው። ያሉት ጥቂት መኪኖች ሞልተው ይወጣሉ፤ ከተማው ግን አይጠግብም። ደም የሚያሳንሱ ነገሮች በአካባቢያችን ሞልተዋል፦ ወባ፣ የአንጀት ትላትል፣ በወሊድ ጊዜ የፈሰሰ ደም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካላዛር።

ስለ ካላዛር ትንሽ እንቆይ። ገዳሪፍ በሱዳን ውስጥ በካላዛር ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ናት። በድንበሩ ማዶ ሁመራና መተማም እንዲሁ ናቸው፤ ለአጨዳና ለአረም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ስንቶቹ በዚህ እንደተቀጠፉ የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስና ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። የምትናከሰው በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ መኖሪያዋም በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ነው፤ ጠልሕና ላሎብ የበቀሉበት ቦታ ይስማማታል። በሽታው ከ2 ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ በኩል እስከ እምብርት ድረስ የሚያብጥ ጣፊያ፣ እየባሰ የሚሄድ የደም ማነስ ያመጣል። ካልታከመ ሕይወትን የሚያጠፋ ነው። ከጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ የሚሰጥ ምርመራ አለው፤ ከ2010 ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ የተመከረው ሕክምናም ሁለት መርፌዎችን አጣምሮ ለ17 ቀን የሚሰጥ ነው። ጨርሶ መውሰድ ግድ ነው።

የደም ማነስን ከፕላቲፕኒያ የሚለየው ምንድን ነው? ደም ያነሰው ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ሲሠራ ነው፤ ሲራመድ፣ ጀሪካን ሲያነሣ፣ ዳገት ሲወጣ። ቁጭ ብሎ ሲያርፍ ደግሞ ይመለስለታል። ፕላቲፕኒያ ያለበት ሰው ግን ምንም ሳይሠራ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ስለተቀመጠ ብቻ ትንፋሹ እየከበደ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ስቆም ያጥረኛል» ሲል «ስሄድ ያጥረኛል» ማለቱ ነው። ሁለቱን ለይቶ መናገር የምርመራው ግማሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጉበት ሲታመም ሳንባ ለምን ይጎዳል?

ከብርቅዬዎቹ ምክንያቶች መካከል በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የጉበት ሕመም ነው። በ1884 ፍሉኪገር የተባለ ሐኪም ጉበቷ የጠነከረ፣ ከንፈሯ የጠቆረ፣ የጣቶቿም ጫፍ ያበጠ አንዲት ሴት ማየቱን ጻፈ። ጉበትና ሳንባ ምን አገናኛቸው የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ሕመሙም «የጉበትና የሳንባ» የሚል ስም ያገኘው በ1977 ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ጉበት በጠባሳ ሲደነድን፣ ወይም በጉበት በኩል የሚያልፈው ደም ሲታገድ፣ የደም ሥሮችን የሚያሰፉ ነገሮች በደም ውስጥ ይበዛሉ። የሳንባ ጥቃቅን ሥሮች ይለጠጣሉ፤ 8 ሺኛ የነበረው ስፋታቸው ከ15 እስከ 100 ሺኛ ይደርሳል። ጠባቡ የመጋዘን መንገድ ሰፊ አውራ ጎዳና ሆነ ማለት ነው። መኪኖቹ አምስትና አሥር ሆነው ጎን ለጎን ይነዳሉ፤ ጫኞቹ የሚደርሱት በጠርዝ በኩል ያሉትን ብቻ ነው፤ መካከለኞቹ ባዷቸውን ይወጣሉ። የተለጠጡት ሥሮች በብዛት የሚገኙት ደግሞ በሳንባው ታችኛ ክፍል ስለሆነ ሰውየው ሲቆም ይብስበታል። የዚህ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ሲቆም ይብስበታል ማለት ግን አይደለም፤ በከፊሎቹ ላይ የሚታይ ምልክት ነው።

ጉበትን እንዲህ የሚያደርሱ ነገሮች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። አንዱ ቢልሃርዚያ ነው። በ1925 የተጀመረው የጀዚራ የመስኖ እርሻ፣ በ1964 በኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ላይ የተመሠረተው የኒው ሐልፋ እርሻ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የራሀድ እርሻ ለሱዳን ጥጥና ዱራ አስገኙ፤ በቦዮቻቸውም ቀንድ አውጣና ቢልሃርዚያ ተራቡባቸው። ከኛም ሰው በጥጥ ለቀማ ወቅት እዚያ ወርዶ የሠራ፣ በቦዩ የታጠበና የጠጣ ብዙ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ ዕንቁላሎች ወደ ጉበት እየሄዱ ለዓመታት ጠባሳ ያበጃሉ፤ ደም መተላለፊያ ሲያጣ ወደ ጣፊያ ይመለሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ የጉሮሮ ቧንቧ ሥሮች ይወጣጠራሉ፣ አንድ ቀንም ሰውየው ደም ያስመልሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ትሉን ይገድለዋል። የቆየውን ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ አይፍቀውም።

ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቆይቶ ጉበትን ያደነድናል። ክትባት አለው። በካምፕ ውስጥ ውሃ ሲበከል የሚነሣው ሄፓታይተስ ኢ ግን ሌላ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት እጅግ አደገኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የሚያልፍ ነው።

ሦስተኛውን ከሰሜን ምዕራብ ትግራይ የመጡ ወገኖቻችን ያስታውሱታል። ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በፀዓዳ እምባ መንደር ሆድን የሚያሳብጥ፣ የሰው ዕድሜ የሚቀጥፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ተነሣ። ብዙዎች እርግማን ነው አሉት። ለዓመታት ከተመረመረ በኋላ ተመራማሪዎቹ ያመለከቱት በእርሻ ውስጥ የሚበቅል አጌራተም የተባለ አረም ነበር። ዘሩ ከእህል ጋር ይቀላቀላል፤ በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን የተባለ መርዝ የጉበትን ሥሮች ይዘጋል። በዚያ የታመሙት ሁሉ ሲቆሙ ትንፋሽ አጠራቸው ማለቴ አይደለም። እህልን አበጥሮና ለቅሞ መፍጨት፣ የማይታወቅ ቅጠል ቀቅሎ አለመጠጣት የጉበት ጥበቃ መሆኑን ግን ከዚያ መንደር እንማራለን።

በልብ ውስጥ የቀረ መስኮት

ሌላው ምክንያት በልብ ውስጥ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ደሙ ሳንባን ሳይዞር እንዲያልፍ ከቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ወደ ግራው የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት አለችው። ከተወለደ በኋላ መስኮቷ ትዘጋለች፤ ከአራት ጎልማሶች በአንዱ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። አብዛኞቹ ይህን ሳያውቁ፣ ምንም ሳይሆኑ ኖረው ያረጃሉ።

ታዲያ ዕድሜ ልኩን ዝም ያለ መስኮት በ50 ወይም በ60 ዓመት ለምን ችግር ያመጣል? በደረት ውስጥ የነገሮች አቀማመጥ ሲለወጥ ነው። ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ሲሰፋ፣ ጀርባ ሲጎብጥ፣ አንዱ ሳንባ በቀዶ ጥገና ሲወጣ፣ ልብ ትንሽ ይዞራል፤ ሰውየው ሲቆም ግድግዳው ይወጠርና መስኮቷ ትከፈታለች። ከታችኛው አካል የመጣው ኦክስጅን የሌለው ደም በቀጥታ ወደ መስኮቷ ይፈስሳል። በገበያው ምሳሌ፣ መኪኖቹ መጋዘኑን ሳይረግጡ በአቋራጭ ባዶ ወጡ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን የሳንባው ራሱ ጉዳት ነው። የታችኛው ክፍል በከባድ የሳንባ ምች ሲያዝ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ከ2020 በኋላም ኮቪድ ክፉኛ ባጠቃቸው አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ሲቆሙ ኦክስጅን የመውረድ ነገር ታይቷል።

ቤት ውስጥ ምን እንይ?

ሕመምተኛው ለ10 ደቂቃ ያህል ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛ፤ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ይቆጠር። ከዚያ ሌላ ሰው ደግፎት፣ ራሱ ሳይታገል፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቆጠር። መራመድ የለበትም፤ ከተራመደ ድካሙና አቋሙ ይቀላቀሉብናል። ተኝቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከሆነ ግን ይህን ሙከራ እንተው።

ከንፈር መጥቆሩን በእኛ ቆዳ ላይ በሩቁ መለየት ያስቸግራል። ምላስንና የከንፈርን ውስጥ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል። ጣትም ብዙ ይናገራል። የሁለቱን እጆች ተመሳሳይ ጣቶች ወስደን ጥፍርን ከጥፍር ጋር ብናገጥም፣ በጤነኛ ሰው ጥፍሮቹ ሥር ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የጎደለው ሰው የጣቱ ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ ስለሚያብጥ ቀዳዳው ይጠፋል። ይህን ዘዴ በ1976 የጻፈው ሻምሮት የተባለ የደቡብ አፍሪካ የልብ ሐኪም ሲሆን፣ ያስተዋለው በራሱ ጣቶች ላይ ነበር፤ እሱም ልቡን ታሞ ነበርና። ጣት የሚያሳብጡ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ ቀዳዳዋ ብትጠፋ ለሐኪም መንገር እንጂ መደናገጥ አያስፈልግም።

በጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ

ኦክሲሜትር የሚባለውን፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ ከኮቪድ ወዲህ ያላየ የለም። መሠረቱን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ከመቶው መኪና ስንቱ እንደተጫነ ይቆጥራል። ከ95 በላይ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ተኝቶ 95 የነበረው ሲቀመጥ 88 ከሆነ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሞች ከ5 በመቶ በላይ መውረድን እንደ ምልክት ይይዙታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተኝተን ሳለን ከተለካልን፣ በአክብሮት «ተቀምጬም ይለካልኝ» ማለት መብታችን ነው። ወጪ የለውም፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

መሣሪያው የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ የጥፍር ቀለም ሲኖር፣ ጥቁር ሂና ሲቀባ ቁጥሩ አይታመንም። እህቶቻችን ለሠርግ ጥፍራቸውን በሂና ካጠቆሩ ሌላ ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይፈለግ። ሌላም አለ። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ቆዳቸው በጠቆረ ሕመምተኞች ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር እያሳየ የተደበቀ የኦክስጅን ጉድለት እንደሚያልፈው፣ ይህም በነጮቹ ላይ ከሚሆነው ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚደጋገም አሳየ። እንግዲህ ለእኛ 93 የሚል ቁጥር ከሚመስለው በላይ ያሳስባል። በመጨረሻም መሣሪያው የመኪናውን ብዛት አይቆጥርም። ደሙ ያለቀ የካላዛር ሕመምተኛ 98 ቢያሳይም በእርግጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ «ቁጥርህ ደህና ነው» ብሎ መመለስ ለእሱ መልስ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥራ ነው። የልብ አልትራሳውንድ ባለበት ቦታ ምክንያቱን የሚለይ ቀላል ዘዴ አለ። የጨው ውሃ ተንጦ ጥቃቅን አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይዘጋጅና በክንድ ሥር ይሰጣል። አረፋው በጤነኛ ሰው ሳንባ ላይ ስለሚቀር ወደ ግራው ልብ አይደርስም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የልብ ምቶች ውስጥ በግራ በኩል ከታየ በልብ ውስጥ መስኮት አለ ማለት ነው፤ ዘግየት ብሎ ከመጣ ያለፈው በተለጠጡት የሳንባ ሥሮች ነው። ሰውየው ተቀምጦ ሲደረግ ደግሞ ይበልጥ ይታያል።

የልብ መስኮት ሆኖ ከተገኘ በጭን ሥር በኩል በሚገባ ክዳን ሊዘጋ ይችላል፤ ለዓመታት የተሰቃየ ሰው በዚያው ቀን ተነሥቶ ይቀመጣል። በ2007 ከካርቱም በስተደቡብ በሶባ የተከፈተው የሰላም የልብ ሕክምና ማዕከል ከሱዳንም ከጎረቤት አገሮችም ለመጡ የልብ ሕመምተኞች በነፃ የሚሠራ ሆኖ ነበር የተቋቋመው። በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ግን ወደ ካርቱም የሚወስደውን የሪፈራል መንገድ ለሁሉም ሰው አስቸጋሪ አድርጎታል። የጉበቱ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ፈውሱ ጉበት መቀየር ነው፤ ያ ከአቅማችን ውጪ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ቢሆንም ኦክስጅን ሲሰጠው ይቀለዋል፤ ቢልሃርዚያው፣ ወባው፣ የደም ማነሱ ይታከምለታል፤ በሰልፍ እንዳይቆም ሌላ ሰው ራሽኑን እንዲቀበልለት ሐኪሙ ወረቀት ሊጽፍለት ይችላል። ምን እንደሆነ ታውቆለት መኖርና ሰነፍ ተብሎ መኖር አንድ አይደለም።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ምላሱ ከጠቆረ፣ ደረቱን ከወጋው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ደም ካስመለሰ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

በክሊኒኩ አስተርጓሚ ካልተገኘ የሚከተሉትን ዓረብኛ ቃላት እንያዝ። ሕመምተኛው ራሱ ሲናገር «ለማ አጊፍ ነፈሲ ቢዲግ፣ ለማ አርጉድ በርታሕ» ይላል፤ ስቆም ትንፋሼ ይጠብባል፣ ስተኛ እረፍት አገኛለሁ ማለት ነው። አስታማሚ ስለ ወንድ ሲናገር «ለማ የጊፍ ነፈሱ ቢዲግ፣ ለማ የርጉድ ቢርታሕ» ይላል። በመሣሪያው ሲለኩን «ጊስ ሊይ አል ኦክሲጂን ወ አና ዋጊፍ» እንበል፤ ቆሜ ሳለሁ ኦክስጅኔን ለካልኝ ማለት ነው። ሴት ከሆነች በ«ዋጊፍ» ፈንታ «ዋግፋ» ትላለች። መቆም ያቃተው «ዋጊፍ» በሚለው ቦታ «ጋዒድ»፣ ማለትም ተቀምጬ ይበል።